የቀንበሩ ምራንና የፔጆው ማርሽ

ነገሩ ሁሉ የፈጀብኝ አራት ብሎን ከነዳዶው፣ አንድ እፍኝ ሮንዴላ፣ አንድ ቆርቆሮ ግሪስ፣ የአንድ መካኒክ ምሳ ከነቢራው እና አንድ ምራን ነው። ብሎኑንና ግሪሱን ቡሬ ሄጄ ገዛሁ፤ ምሳውን እዚሁ ፍኖተ ሰላም ጋበዝሁ። ምራኑን ግን ዕድሜዬን ሙሉ በርበሬና በቆሎ ስመዝን የኖርሁ ሰው ሆኜ እንኳ በምን እንደምተምነው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ምራን ማለት፣ ለማያውቅ የከተማ ልጅ፣ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ የሚያስርበት የበሬ ቆዳ ጠፍር ነው። መኪና ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ።

ልጄ ቤዛ ዘንድሮ ወደ ቡሬ ልትዳር ቀኑ ሲቆረጥ የሙሽራ መኪና ነገር ተነሣ። እኔ ከባሕር ዳር አንድ የሚያብረቀርቅ ነጭ መኪና ልከራይላት አስቤ ነበር። እሷ ግን እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ «አባየ፣ የአያቴ ፔጆ ግቢያችን ቆሞ? ክላሲክ ነው እኮ! ስንቱ ፈልጎ ያጣዋል» አለችኝ። ክላሲክ ማለት እንደገባኝ ያረጀን ዕቃ ባለቤቱ ፊት ማሞገስ ነው። እኔ ያምናውን በርበሬ ክላሲክ ነው ብዬ ገበያ ባወጣው ሰው በድንጋይ ያባርረኛል። ሆኖም ልጅ ልትዳር ስትል አባት ይሸነፋል፤ ፔጆው ላይ የተጫነውን የበቆሎ ጆንያ አወረድሁ፣ ጣራው ላይ ያደረችውን ዶሮ አባረርሁ፣ ቁልፉን አዞርሁ። ሞተሩስ አላሳፈረኝም፤ በየበዓሉ እያስነሣሁ ግቢ ለግቢ ሳንፏቅቀው ስለኖርሁ እንደ ሽማግሌ ትንሽ አስሎ ተነሣ። ያሳፈረኝ ማርሹ ነው። አንደኛ ስለው ይገባል፤ ሁለተኛ ስለው ያስባል፤ አንዳንዴ ደግሞ ሁለተኛውን ስፈልግ ኋላ ማርሹን ያቀብለኛል። ቤዛ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፤ ይህ መኪና ከዚህ በፊት አንዲት ሙሽራ ጭኖ ምን እንደሠራ አውቃለሁና።

ሙሌ የሚባል ወጣት መካኒክ ጋራዥ ወሰድሁት። ሙሌ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ከመኪናው ሥር ገባ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ማስነጠስ ጀመረ። አስነጠሰ፣ ራሱን ከብረት ጋር አጋጨ፣ ተሳደበ፣ እንደገና አስነጠሰ።

«ጋሸ፣ በርበሬውን የሚያከማቹት እዚህ ሥር ነው እንዴ?» አለኝ ከውስጥ።

ከዚያ በምላጭ የቆረጠውን ጥቁር ቁራጭ የያዘ እጁ ወጣ። «ይኼስ? ብሎን መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቆዳ ታስሯል። በጫማ ማሰሪያ ነው እንዴ የሚነዱት?»

ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት። የጋለ ብረት፣ የከረመ ግሪስ፣ የበሬ ቆዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አፍንጫ የሚወጋ የቡሬ በርበሬ። ካርቶኑ ዳር ቁጭ አልሁ። እግሬ ደክሞኝ አልነበረም።

አባቴ ከቋሪት፣ ከገበዝ ማርያም የወረደ ገበሬ ነበር። ከበሬ ወደ መኪና የተዛወረው ጎልምሶ ስለሆነ ነፍሱ ሙሉ በሙሉ አልተዛወረችም። ፔጆውን ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ገዝቶ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ፣ በገበያ ቀን ደግሞ ፈረስ ቤት ድረስ ሰው እያመላለሰ ሲሠራበት፣ መሪውን እንደ እርፍ በአንድ እጁ ይጫነው ነበር፤ ዳገት ላይ ሲደርስ «ና! ና የኔ ጌታ!» እያለ ያባብለዋል፤ ማታ ሲያቆመው ጎኑን መታ መታ አድርጎ ነው የሚገባው። የዚያ መኪና ማርሽ እንደ ዛሬው ከወለል የሚበቅል አልነበረም፤ ከመሪው ሥር በጎን የወጣ ዘንግ ነው፤ ከዘንጉ ወደ ታች ደግሞ ቀጫጭን ብረቶች ተያይዘው ወርደው ማርሽ ሳጥኑን ይነካኩታል። ብረቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብሎን አለ፣ ብሎኑ እንዳይፈታ ዳዶ አለ፣ ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒሊያ የምትባል ሁለት እግር ያላት ሽቦ አለች። የእኛው ከጠጠሩና ከጭቃው ብዛት ቀዳዳው እንደ እንቁላል ሞልሎ፣ ብሎኑ መንገድ ላይ ወድቆ ቀረ። ዕቃው በአገር የለም፤ አዲስ አበባ ይላካል ቢባልም ተልኮ የተመለሰ አላየንም። አባቴ አንድ ቀን ሲያስብ ውሎ ማታ ከአልጋው ላይ ጠፍር ፈታና በውኃ ነክሮ ብረቱን ከብረት ጋር ጠፍንጎ አሰረው። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ እንደሚጨመድድ የሚያውቅ ሰው ነው።

የሠፈሩ ሾፌሮች ሊሞቱ ሳቁ። እሱ እንዲህ ይላቸው ነበር፦ «ብረትና ብረት ባልና ሚስት ናቸው። መካከላቸው ሽማግሌ ካልተቀመጠ ይፋጃሉ። ቆዳ ሽማግሌ ነው።»

እውነት ለመናገር በጋውን ሁሉ ሽማግሌው በደንብ አስታረቀ፤ ማርሹ ቅቤ ሆነ። ክረምት ሲገባ ግን ቆዳው ርሶ ይለሰልስና ሁለተኛ ማርሽ እስከ መስቀል ድረስ አይገኝም ነበር። መንገደኛውም ለምዶት፣ በሐምሌ የተሳፈረ ሰው ቡሬ ስንት ሰዓት እንደሚደርስ አይጠይቅም፤ ስንቁን ይዞ ነው የሚሳፈር።

እኔ ታኮ ነበርሁ። የእጅ ፍሬን የሚባለው ነገር ለጌጥ ስለነበረ፣ መኪናው ሲቆም ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ሥር ድንጋይ መሸጎጥ የእኔ ሥራ ነው። ሥራዬን እወደው ነበር። እንደኔ ዕድሜ ያለው ልጅ ሁሉ ፍየል ይጠብቃል፤ እኔ ፔጆ እንዳያመልጥ እጠብቃለሁ።

ታላቅ እኅቴ ጥሩወርቅ፣ እኔ እትየ ጥሩ የምላት፣ ማንኩሳ አጠገብ ወዳለ ገጠር ተዳረች። ያን ጊዜ በአካባቢው ሙሽራ የሚጭን መኪና የእኛው ብቻ ነበር፤ ፔጆውን የሚያውቅ ሹፌርም አባቴ ብቻ። ችግሩ የሙሽራ አባት ልጁን ሸኝቶ ቤቱ ይቀራል እንጂ ተከትሎ ባል ቤት ድረስ አይሄድም፤ ነውር ነው። አባቴ ልጁን በበቅሎ ላለመስደድ አንድ ዘዴ ፈጠረ፦ ኮፍያ ተውሶ እስከ ቅንድቡ ደፋ፣ ጥቁር መነጽር አደረገ፣ ጋቢውን አፉ ድረስ ጠቀለለ፣ «እኔ የተቀጠርሁ ሹፌር ነኝ» አለ። አገሩ ሁሉ አወቀው፤ አገሩ ሁሉ እንዳላወቀ ሆነ። እትየ ጥሩ በመጋረጃዋ ውስጥ ሆና ክንዴን ቆንጠጥ አደረገችና፣ «አንተ፣ አባየ ብለህ እንዳትጠራው! ጉድ እንዳትሠራን!» አለችኝ።

ማንኩሳ ዳር ስንደርስ የእትየ ጥሩ የክርስትና እናት ሳልመርቃት አታልፍም ብለው መንገድ ላይ ወጡ። አባቴ መኪናውን በኋላ ማርሽ ወደ ጥግ አስጠጋ፣ ማርሹን እንዳለ ተወው፣ እኔ ድንጋዬን ሸጎጥሁ፣ ሁላችንም ገባን። ጥብሱ፣ ጠላው፣ ምርቃቱ ብዙ ነበር። በዚህ መካከል፣ ቤት ውስጥ የሥጋ ሽታ ጠርቶት ግን ከደጅ የተከለከለ አንድ ውሻ፣ እሱም ከበዓሉ ድርሻውን ፈለገ፤ ከመኪናው ሥር ገብቶ ጠፍራችንን በላ። ስንወጣ ጫፏ ከአፉ ተንጠልጥላ አየናት። አባቴ ሞተሩን አስነሥቶ የማርሹን ዘንግ ቢይዘው እንደ ላም ጅራት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ብረቱ ከብረቱ ተለያይቷል። ማርሽ ሳጥኑ ኋላ ማርሽ ላይ እንዳለ ቀርቷል። ከሥር ገብቶ በመዳፉ ቢገፋው፣ በመዶሻ እጀታ ቢመታው ወይ ፍንክች!

ጀንበር አዘቀዘቀች። ሙሽራ ደግሞ ጀንበር ሳትጠልቅ መግባት አለባት። የሙሽራው ቤት ከሜዳው ማዶ ይታያል፣ ሰው እጅብ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል፣ ዘፈኑ ይሰማል። አባቴ መነጽሩን አስተካከለና፣ «ኋላ ማርሽም ማርሽ ነው» አለ። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ወደ ኋላ እያየ ነዳ። ሚዜዎቹ ከጎን ከጎን እየሮጡ፣ ሙሽራው ግንባሩን በመዳፉ ይዞ፣ እኅቴ ፊቷን ወደ አባቷ አገር እንዳደረገች፣ እኔ ድንጋዬን ታቅፌ፣ አቧራ እያቦነንን በቂጣችን ከሰው ቤት ደረስን።

ዘፈኑ ቆመ። እልልታ ጉሮሮ ውስጥ ቀረ። የሙሽራው አክስት፣ እትየ አበሩ የሚባሉ ነገር የማያልፋቸው ሴት፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«በመድኃኔዓለም! ጀርባዋን ሰጥታ የመጣች ሙሽራ አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ፊቷ አባቷ ቤት ነው ያለው። ይቺ አትበረክትም፤ ትመለሳለች።»

ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሙሽራ ላይ አንዴ ከተባለ ይቀራል፤ ላም ብትጨነግፍ፣ በረዶ ቢጥል፣ ልጅ ቢዘገይ፣ «ድሮስ በጀርባዋ የገባች» ነው የሚባለው።  አባቴ የመኪናውን በር ከፍቶ አንድ እግሩን አወረደና ቆመ፤ አባት ቢሆን ይከራከር ነበር፣ ሹፌር ነውና ዝም አለ።

ያን ጊዜ የሙሽራው አባት አያ ጀምበሬ በዝግታ መጡ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ መሬት መሬት የሚያዩ ገበሬ ናቸው። አባቴን ከእግር እስከ ኮፍያው አዩት፤ አብረው ሽማግሌ ተቀምጠው ጥሎሽ የተከራከሩት ሰው መሆኑን አሳምረው ያውቃሉ።

«አንተ ሹፌር» አሉት፣ «ለመሆኑ የልጅቱ አባት እንዲህ አድርገህ እንዳመጣሃት ቢሰማ ምን ይላል?»

«አባቷማ» አለ አባቴ በጋቢው ውስጥ፣ «እዚህ ቢኖር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ይወድ ነበር።»

«ደግ ሰው ነው ይላሉ።»

«እንጃ። ልጁን ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«መኪናው ምን ሆኖ ነው?»

«ሽማግሌውን ውሻ በላው።»

አያ ጀምበሬ አልሳቁም። ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ፣ የተንጠለጠለውን ብረት በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ፣ ቀና ብለው ወደ ቤታቸው ገቡና ከግድግዳው ላይ ቀንበራቸውን አውርደው መጡ። በሰው ሁሉ ፊት ምራኑን ፈቱት። እትየ አበሩ፣ «ኧረ ወንድምዓለም፣ የእርሻ ዕቃ ከቤት አይወጣም!» ብለው ጮኹ። አያ ጀምበሬ ምራኑን ጋን አፍ ላይ ካለ የሠርግ ጠላ ውስጥ ነከሩት፤ ውኃው ወንዝ ነበር፣ ጠላው ቅርብ። «ከቤት አልወጣም» አሉ፣ «ሥራ ቀየረ እንጂ።»

ከሥር የገባሁት እኔ ነኝ፤ እጄ ቀጭን ነው፣ የአባቴ ልብስ ደግሞ የሠርግ ነው። ዘይትና ጠላ ፊቴ ላይ እየተንጠባጠበ፣ አባቴ ተንበርክኮ፣ «አዙረው፤ በመሐሉ አሾልክ፤ ሳብ! እንደ ቀንበር እሰር እንጂ እንደ ጫማ አትሰር!» ይለኛል፤ አያ ጀምበሬም ከጎኑ ተንበርክከው፣ «ትንሽ አላላለት፤ በሬም ቢሆን አንገቱ ይንቀሳቀስ» ይሉኛል። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያያዝ ብረት እንዲጠብቅም እንዲንቀሳቀስም ማድረግ ነው ጥበቡ። ከሥር ሆኜ የማየው የሁለቱን አባቶች ጉልበት ብቻ ነበር፤ አቧራው ላይ ጎን ለጎን።

አባቴ ገብቶ ዘንጉን ወደ አንደኛ ሳበው። ገባ። መኪናዋ ወደ ፊት ሄደች፣ አውድማውን ዞረች፣ ከሩቅ ተነሥታ በፊቷ፣ ጥሩንባዋን እያስጮኸች መጣች። እትየ አበሩ እንደ ዳኛ ቆመው አይተው፣ «አሁን ገባች!» አሉና መጀመሪያ እልል ያሉት እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ውሻ እንዳይደፍረው ምራኑን በግሪስ እያሸ፣ በላዩ የቡሬ በርበሬ ይነሰንስበት ነበር። ግሪሱ ዝናቡን ከለከለው፣ በርበሬው ውሻውን፤ በክረምትም ሁለተኛ ማርሽ አገኘን። ተሳፋሪው ግን እስከ ቡሬ ያስነጥሳል። በማንኩሳ ባለፍን ቁጥር አያ ጀምበሬ ከእርሻቸው ቀና ብለው፣ «አንተ ሹፌር፣ ምራኔን መልስ!» ይላሉ፤ አባቴ በመስኮት፣ «ልጅቱን መልሱና!» ይላቸዋል። አንድ ዓመት እትየ ጥሩና ባሏ ክፉኛ ተጣልተው ሽማግሌ ሊጠራ ሲል አያ ጀምበሬ፣ «የእኔ ምራን እዚያ ነው፣ የእሱ ልጅ እዚህ ናት፤ ማን ማንን ይከሳል?» ብለው ነገሩን ቋጩት ሲባል ሰምቻለሁ። ሁለቱ አማቾች ከዚህ ቀልድ ሌላ ስለ ሠርጉ አንሥተው አያውቁም። አባቴም እስኪሞት ድረስ ያን ቀን ማንኩሳ አልሄድሁም እንዳለ ነው።

እንግዲህ ሙሌ በምላጭ የቆረጠው ያን ነው። የእኔን ቋጠሮ።

ሥራውን አልነቅፍበትም። የሞለለውን ቀዳዳ በነጭ ጋዝ አጠበ፣ ጎሚኒ የሚባለውን የጎማ ቀለበት አስገባበት፣ አዲሱን ብሎን ከግሪስ ጋር አሾለከ፣ በግራም በቀኝም ሮንዴላ አደረገ፣ ዳዶውን አጥብቆ ትንሽ መለስ አደረገው። «ለምን ታላላዋለህ?» አልሁት፣ መልሱን እያወቅሁ። «መንቀሳቀስ አለበት ጋሸ» አለኝ። ከዚያ ኮፒሊያዋን አስገብቶ ሁለት እግሯን በፒንሳ ወዲያና ወዲህ ከፈተ። አራቱንም እንዲሁ። «ይኼ እንግዲህ ዓለም ቢገለበጥ አይፈታም» አለ። «እስከ ቡሬ ይበቃኛል» አልሁት። ሞተሩን ሳናስነሣ ሾፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ ማርሾቹን አንድ በአንድ እንድሞክር ነገረኝ፤ እሱ ከሥር እያየ ይጮሃል፦ «አንደኛ! ሁለተኛ! ኋላ!»

«ኋላውን ተወው» አልሁት።

«ኧረ ጋሸ፣ ዋናው እኮ እሱ ነው!»

ይህን ስንባባል ነው የጋራዡ ውሻ መሬት የወደቀውን ምራን በአፉ አንሥቶ የወጣው። ዘልዬ ወረድሁ። ውሻው አስነጠሰ፤ ይጥለዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ፤ እያስነጠሰ ሮጠ እንጂ አልጣለውም። በዚህ ዕድሜዬ፣ በአስፋልቱ ዳር፣ ጋቢዬን እያንዘላዘልሁ ተከተልሁት። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ቀስ ብሎ አጠገቤ ደረሰና፣ «ጋሸ፣ ምን ሰረቀዎ?» አለኝ።

«ማርሽ!» አልሁት። ስለ አእምሮዬ ጤንነት ያደረበትን ጥርጣሬ አረጋግጦ ሄደ። ውሻው በገበያው አጥር ሾልኮ ጠፋ።

የሠርጉ ዕለት ፔጆውን እኔው ነዳሁት። መነጽር አላደረግሁም፣ ኮፍያ አልደፋሁም። ነውር ነው የሚል ሰው አልነበረም፤ እንዳላወቀኝ የሚሆንልኝም ሰው አልነበረም። ቤዛና ሙሽራው ከኋላ ስልካቸውን እያነሡ ይሣሣቃሉ። ማንኩሳ ላይ እትየ ጥሩን ከደጇ አነሣኋት፤ አያ ጀምበሬ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ባሏንም አምና ቀብረናል፣ እሷ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ቀጥ ብላ ቆማ ጠበቀችኝ። ከፊት ተቀመጠች። ትንሽ እንደሄድን እጇን ዘርግታ የማርሹን ዘንግ ነካ አደረገችው።

«ይገባል?»

«ይገባል።»

አፍንጫዋን ነፋ ነፋ አደረገች። «በርበሬው አይሸትም። ምራኑስ?»

«በብሎን ተተካ። እሱን ውሻ ወሰደው።»

 ወደ ሜዳው፣ ወደ ድሮው አውድማ አየች፤ አሁን የቆርቆሮ ቤት ሞልቶበታል። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሰች ብዬ ዘወር ስል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትስቃለች።

«የፊተኛውንም የበላው ውሻ ነው» አለች።

«አያ ጀምበሬ ከመቃብር ተነሥተው ምራኔን ቢሉኝ ግን ምን እላለሁ? ምራኑ ከሌለ ልጅቱን መልሱ ማለት አልችልም» አልኋት።

«አልመለስም ብላለች በላቸው» አለችና ወደ ፊቷ ዞረች።

ቡሬ ከመግባታችን በፊት ባለው ዳገት ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ። ሳያስብ ገባ። ከሙሽራው ቤት ደጅ ቤዛ በፊቷ ገባች፤ ሰዉም ሌላ አልጠበቀም ነበርና ልብ ያለው የለም። አራት ብሎን ገባ፤ አንድ ምራን ወጣ፤ ምራኔን መልስ የሚለኝ ሰው የለም።